«ስንት ይሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ የሚገባው መልስ፦ የጥንት መልክ ያላቸው ሞተርሳይክሎችና እውነተኛ ፍጥነታቸው

በነዳጅ ጋናቸው ክብነት፣ በፊት መብራታቸው ቅርጽና በጭስ ማውጫቸው ድምፅ የ1950ዎቹን ዓመታት የሚያስታውሱ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተርሳይክሎች ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዓለም ገበያ ተፈላጊነታቸው እጅግ ጨምሯል። የሕንዱ ሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 350፣ የጃፓኑ ሆንዳ ጂቢ350፣ በእንግሊዙ ትራያምፍና በሕንዱ ባጃጅ ትብብር የሚመረተው ስፒድ 400፣ እንዲሁም ስሙን ከጥንታዊው የእንግሊዝ ፋብሪካ የወረሰው ቢኤስኤ ጎልድ ስታር 650 ከዚህ ወገን ይመደባሉ። ዋጋቸው ከትልልቆቹ ሞተርሳይክሎች ያነሰ፣ ነዳጅ ቆጣቢዎች፣ ለዓይንም የሚያምሩ በመሆናቸው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተርሳይክል ለመግዛት የሚያስብ ሰው ቀድሞ የሚያማትረው ወደ እነርሱ ነው።

ይህ ገዢ ለሻጩም ሆነ ቀድሞ ለገዛ ወዳጁ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄም ከጥንት ጀምሮ አልተለወጠም። «ስንት ይሄዳል?» ይላል። መልሱም አንድ ቁጥር ሆኖ ይሰጠዋል፤ 110፣ 120፣ አንዳንዴም 130። ቁጥሩ ለወግ ይመቻል። ሕይወቱን በሁለት ጎማ ላይ ለሚያኖር ሰው ግን ብቻውን የሚጠቅመው እጅግ ጥቂት ነው፤ ባልተገባ ቦታ ሲታመንበትም ለአደጋ ይዳርጋል። ከፍተኛ ፍጥነት ማለት ሞተሩ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ የጨረሰበት ነጥብ ነው። ገዢ ሊያውቀው የሚገባው ሞተሩ ምን ያህል ሲሰጥ ምን ያህል እንደሚተርፈው ነው።

መለኪያው የሚያሳየውና መንገዱ የሚያውቀው

ከሁሉ አስቀድሞ ቁጥሩ ራሱ መመርመር አለበት። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39፣ የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ እንዳያሳይ በጥብቅ ይከለክላል። አብልጦ እንዲያሳይ ግን ይፈቅዳል። በፈቃድ ሙከራው ጊዜ የሚፈቀደው ትርፍ ከእውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶ፣ ሲደመር በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በእውነት በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተርሳይክል መለኪያው 125 ቢያሳይ ሕግ አልጣሰም። አምራቾችም በመለኪያቸው አሳንሶ ማሳየት እንዳያስጠይቃቸው ሲሉ ወደ ላይ ያጋድላሉ።

ከዚህ የተነሣ «120 አስነክቼዋለሁ» የሚል አሽከርካሪ ያየውን ነው የሚናገረው፤ የሄደው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። በሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ ሲለካ ክላሲክ 350 በሜዳማ መንገድ፣ ነፋስ በሌለበት፣ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦበት ከ110 እስከ 120 ባለው መካከል ይቆማል። ይህ ልዩነት በወሬ ላይ ጉዳት የለውም። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር በሚፈስስ ትራፊክ መካከል፣ ከኋላው የሚመጣው ከባድ መኪና በምን ያህል ፍጥነት እየቀረበው እንደሆነ ለሚያሰላ አሽከርካሪ ግን ልዩነቱ ትርጉም አለው።

አየር የሚባለው ግድግዳ

ባለ 20 የፈረስ ጉልበት ሞተር ለምን 115 ላይ እንደሚቆም ለመረዳት ውስብስብ ሒሳብ አያስፈልግም። ሞተርሳይክል ላይ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነፋስን በደረቱ የሚገፋ ሰው ነው። የአየሩ ተቃውሞ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ያንን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል። ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ የሚፈለገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ነው ማለት ነው። በተገላቢጦሽ፣ የሞተሩ ጉልበት እጥፍ ቢሆንና ቅርጹ ባይለወጥ፣ ፍጥነቱ የሚጨምረው 26 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

የክላሲክ 350 ሞተር 349 ሲሲ ሲሆን በደቂቃ 6,100 ዙር ሲዞር 20.2 የፈረስ ጉልበት ወይም 15 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል። በማርሽና በሰንሰለት የሚባክነው ሲቀነስ የኋላ ጎማው ዘንድ የሚደርሰው 13 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። ለዚህ ዓይነት ቅርጽ በተለመደው ግምት ሲሰላ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 9 ኪሎ ዋት ያህል ያስፈልጋል። 120 ለመድረስ ደግሞ 15 ይጠይቃል። ካለው 13 ጋር ሲነጻጸር፣ ወሰኑ 115 አካባቢ የሚውልበት ምክንያት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አይሻም። ከ100 እስከ 120 ያለችው 20 ኪሎ ሜትር ለወሬ ትንሽ ናት፤ ለሞተሩ ግን የሁለት ሦስተኛ ጉልበት ጭማሪ ናት።

አንድ ሲሊንደር ማለት ዘገምተኛ ማለት ነውን?

አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ በሲሊንደሩ ቁጥር ላይ ይጥላሉ። ታሪክ ግን ይህንን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1937 ዋልተር ሃንድሊ በእንግሊዙ ብሩክላንድስ የእሽቅድምድም ሜዳ በባለ አንድ ሲሊንደር ቢኤስኤ ላይ ተቀምጦ አንዱን ዙር በሰዓት ከ100 ማይል ወይም ከ161 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ፍጥነት በመጨረሱ የወርቅ ኮከብ ተሸልሟል። «ጎልድ ስታር» የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ሽልማት ነው። በ1961 ደግሞ በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው ሞንትሌሪ ባለ 500 ሲሲ ቬሎሴት ቬኖም፣ እርሱም ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ለ24 ሰዓታት ያህል በአማካይ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ተጉዟል። አሽከርካሪዎች እየተፈራረቁበት ሌሊቱን ሙሉ የሮጠው ያ ሞተር፣ ከስድሳ ዓመታት በኋላ መልኩን ብቻ ወርሰው ከተሠሩት ከብዙዎቹ ይፈጥን ነበር።

ታዲያ የዛሬዎቹ ለምን ዘገዩ? መልሱ በምርጫ ውስጥ ይገኛል። ፒስተን በሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ሊሸከመው የሚችለው ፍጥነት ወሰን አለው። የክላሲክ 350 ፒስተን በአንድ ጉዞ 85.8 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ በ6,100 ዙር ሲሰላ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 17 ሜትር ተኩል ያህል ነው። የትራያምፍ ስፒድ 400 ፒስተን ግን የሚጓዘው 64 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ በደቂቃ 8,000 ዙር ሲዞር እንኳ አማካይ ፍጥነቱ 17 ሜትር ነው። ሁለቱ ፒስተኖች በእኩል ይደክማሉ። ነገር ግን አጭሩ በደቂቃ ብዙ ጊዜ ይቀጣጠላል። በአራት ቫልቭና በውሃ ማቀዝቀዣ ሲታገዝም 398 ሲሲ ሆኖ 40 የፈረስ ጉልበት ያህል ያወጣል። በይዘት የሚበላለጡት በ49 ሲሲ ሲሆን በጉልበት ግን እጥፍ ናቸው።

ረጅሙን ምት የመረጡት መሐንዲሶች አላዋቂዎች አልነበሩም። ረጅም ምት ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ የሚሰማ የማዞር ኃይል ይሰጣል። ሆንዳ ጂቢ350 ከ90 ሚሊ ሜትር በሚበልጥ ምቱ በ3,000 ዙር አካባቢ ከፍተኛውን የማዞር ኃይሉን ስለሚያገኝ በከተማ መንገድ ማርሽ ሳያስለውጥ ይጎትታል። ያ ልብ የሚመታ የሚመስለው ድምፅም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ከሜካኒኩ ባሻገር የገንዘብም ነገር አለበት። ከሁሉ ሰፊ ገበያቸው በሆነችው ሕንድ ከመስከረም 2025 ጀምሮ እስከ 350 ሲሲ ያሉ ሞተርሳይክሎች 18 በመቶ ግብር ሲከፍሉ ከዚያ በላይ ያሉት 40 በመቶ ይከፍላሉ። የገዢው ኪስ፣ የከተማው መንገድና የነዳጁ ዋጋ ተደማምረው የወሰኑት ፍጥነት ነው። ለተሠራበት መንገድ ትክክለኛ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ላልተሠራበት መንገድ ሲወሰድ ነው።

ነፋስ፣ ዳገት፣ ሙቀትና ከፍታ

በሜዳ ላይ የተለካ 113 ወይም 115 በሌላ ቀን፣ በሌላ መንገድ ሌላ ቁጥር ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የፊት ለፊት ነፋስ ሲገጥመው ያው ሞተር በተመሳሳይ ስሌት ወደ 95 ይወርዳል። በመቶ ሜትር 4 ሜትር የምትወጣ፣ ዓይን እምብዛም የማያስተውላት ዳገት ወደ 102 ታወርደዋለች። ነፋሱና ዳገቱ አንድ ላይ ከመጡ፣ ከኋላም ሰው ከተቀመጠ፣ አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ማርሽ እየቀነሰ በ80ዎቹ ውስጥ ይንገታገታል።

በባሕረ ሰላጤው አገራት ለሚኖር አንባቢ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበታል። በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለ አየር በ15 ዲግሪ ካለው 10 በመቶ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ለመሰንጠቅ ይቀላል፤ ነገር ግን ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በተጨማሪ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀቱን የሚያስረክበው ከእርሱ ለሚቀዘቅዝ አየር ነው። በዙሪያው ያለው አየር በጋለ ቁጥር ርክክቡ ይዳከማል። እንዲህ ያለውን ሞተር በበጋ ቀትር በበረሃ አውራ ጎዳና ላይ ለሰዓታት በከፍተኛ ፍጥነቱ ማቆየት ዘይቱንና ብረቱን ያለ ርኅራኄ መፈተን ነው።

ከፍታም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ዳርቻ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የአየሩ ተቃውሞና የሞተሩ ጉልበት አብረው ስለሚቀንሱ በሜዳ ላይ የሚታየው የፍጥነት ልዩነት ከሚገመተው ያነሰ ነው። የምድር ስበት ግን ከፍታን ምክንያት አድርጎ አይቀንስም። ስለዚህ በደጋ አገር ጉድለቱ የሚገለጠው በሜዳው ላይ ሳይሆን በዳገቱ ላይ ነው፤ እንጦጦን የሚወጣ ሞተርሳይክል ይህንን ያለ መለኪያ ይናገራል።

መንገደኛ ስንቁን በመጀመሪያው ቀን አይጨርስም

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሚያመራው ወደ አንድ ሐሳብ ነው፤ እርሱም ስንቅ ነው። አስተዋይ መንገደኛ ከስንቁ ለማይታወቅ ቀን ያስቀራል። የሞተር ጉልበትም እንዲሁ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ክላሲክ 350 ከ13 ኪሎ ዋቱ ዘጠኙን እየበላ ነው፤ የቀረው አራት ነው። በዚህች ትርፍ ከ100 ወደ 110 ለመድረስ ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ እስኪደርስም ከ300 ሜትር በላይ ይጓዛል። ረጅም ከባድ መኪና ለመቅደም ወጥቶ ከጎኑ የደረሰ፣ ከኋላው ፈጣን መኪና መብራቱን እያበራ የሚገፋው አሽከርካሪ የሚኖርበት 10 ሰከንድ ከሰላሳ ደቂቃ ይረዝማል።

ስለዚህ «ስንት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ «ዘወትር በስንት ቢሄድ ትርፍ ይኖረዋል?» በሚለው መተካት ይገባዋል። የኪዩቡ ሕግ ለዚህም ቀላል መልስ ይሰጣል። ከእውነተኛው ከፍተኛ ፍጥነት አራት አምስተኛውን የሚጓዝ ሞተርሳይክል የሚጠቀመው ካለው ጉልበት ግማሽ ገደማውን ነው። ግማሹ ለዳገቱ፣ ለነፋሱና ለድንገተኛው ክስተት ይተርፋል። በዚህ ሚዛን 115 የሚደርስ ሞተርሳይክል የ92 ሞተርሳይክል ነው። ይህም ነውር አይደለም፤ ለከተማ፣ ለገጠር መንገድና ለጠመዝማዛ ተራራ ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ይህ 92 አንባቢው በሚኖርበት አገር መንገድ አጠገብ ይቀመጥ። የብሪታንያ ፈጣን መንገድ ወሰን 70 ማይል ወይም 112 ኪሎ ሜትር ነው። በእስራኤል ቁጥር 6 አውራ ጎዳና እስከ 120 ይፈቀዳል። በፈረንሳይና በጣሊያን ፈጣን መንገዶች 130 ሲሆን ጀርመን ደግሞ ወሰን በሌለባቸው መንገዶች ላይ የምትመክረው ፍጥነት ይኸው 130 ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከ65 እስከ 80 ማይል፣ ማለትም ከ105 እስከ 129 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በሳዑዲ ዓረቢያና በአቡ ዳቢ አንዳንድ አውራ ጎዳናዎች 140 ይፈቀዳል። ለምሳሌ በ110 በሚፈስስ መንገድ ላይ ዘወትር ለመመላለስ በአራት አምስተኛው ሚዛን የሚያስፈልገው እውነተኛ ከፍተኛ ፍጥነት 138 አካባቢ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ በእንዲህ ያለ መንገድ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ባለ 20 የፈረስ ጉልበት ሞተር ሲገዛ የገዛው ውበትን ነው፤ መንገዱን ግን አልገዛም። ያው ሰው ባለ 40 ወይም 45 የፈረስ ጉልበት የሆነውን ተመሳሳይ መልክ ያለው አማራጭ ቢያይ፣ አለዚያም መንገዱን ቢለውጥ ይሻለዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ዝግ ያለ ሞተር ደኅንነቱ የተጠበቀ ነው» የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አሽከርካሪ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበትና በደረቅ አስፋልት በደንብ ቢይዝ፣ ለመቆም 58 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በ110 ከሆነ ርቀቱ 97 ሜትር ይሆናል። በመካከላቸው ያለው 40 ሜትር ብዙ ጊዜ በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ርቀት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ተዘንግቷል። በመንገድ ላይ አደጋን የሚወልደው ፍጥነት ብቻ አይደለም፤ የፍጥነት ልዩነትም ነው። ሁሉ 120 በሚጓዝበት መንገድ ላይ በ90 የሚንገታገት ሞተርሳይክል፣ ትንሿ የኋላ መብራቱ እስክትታይ ድረስ፣ ለኋለኛው አሽከርካሪ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወደ እርሱ የሚመጣ መሰናክል ነው። ዝግታ የሚጠብቀው መንገዱም ዝግ ሲል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአፍቃሪዎቹ ወገን ይመጣል። «ይህ ሞተር ሂማላያን ያቋርጣል፤ ከ5 ሺህ ሜትር በላይ የሆኑ መተላለፊያዎችን ይወጣል፤ ምን ይጎድለዋል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት በ1950ዎቹ የሕንድ ጦር ሠራዊት ለድንበር ጥበቃ የመረጠው ሞተርሳይክል ነበር፤ በማድራስ መገጣጠም የጀመረውም በ1955 ነው። ነገር ግን በእነዚያ ተራሮች ላይ የሚኬደው በሰዓት 30 ወይም 40 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተሩ እዚያ የሚያስመሰግነው ዝቅተኛ ዙር ላይ ያለው ኃይሉና ለጥገና የማያስቸግር መሆኑ ነው። ተራራ መውጣቱ ፈጣኑን መንገድ እንደሚችል ምስክር ሊሆንለት አይችልም። በቅሎ ገደል በመውጣቷ ትመሰገናለች እንጂ ከፈረስ ጋር በሜዳ እንድትሽቀዳደም አትጠየቅም።

ማን ምን ያድርግ?

ሻጮችና የሞተርሳይክል ገምጋሚዎች እዚህ ላይ ዕዳ አለባቸው። አንድን ሞተር ቁልቁለት ላይ፣ ሆዱን ጋኑ ላይ አስተኝቶ በመለኪያው 130 ያስነካ ሰው ለተመልካች የሚያቀብለው መረጃ የለም። ጠቃሚው መረጃ በሳተላይት የተለካ ፍጥነት፣ በመጨረሻው ማርሽ ከ80 ወደ 100 ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ሰው ከኋላ ተጭኖ ዳገት ላይ የሚቆይበት ፍጥነትና ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ በእጅና በእግር ላይ የሚሰማው ንዝረት ነው። እነዚህን ለመለካት ስልክና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ። ገዢውም በበኩሉ ከመክፈሉ በፊት በሚመላለስበት መንገድ ወይም በሚመስለው መንገድ ላይ እንዲሞክር ቢጠይቅ መብቱ ነው። በመንደር ውስጥ አንድ ዙር ሞክሮ ለአውራ ጎዳና የሚሆን ሞተር መምረጥ ጫማን በእጅ ለክቶ እንደ መግዛት ይቆጠራል።

ባለ አንድ ሲሊንደሩ የጥንት መልክ ሞተርሳይክል ሊፈረድበት የሚገባው በማይገባው ቁጥር አይደለም። በ80 ሲጓዝ የሚመታው ልብ፣ የሚሸተው መንገድ፣ የሚታየው አገር በ130 የሚገኝ አይደለም፤ ብዙዎች የገዙትም ለዚህ ነው፤ አልተሳሳቱም። የሚሳሳተው 80 ላይ ደስ ያሰኘው ሞተር 120 ላይም ያድነኛል ብሎ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ነው። ቁጥሩ በሐቀኝነት ከተነገረው ግን እያንዳንዱ አሽከርካሪ ለመንገዱ የሚሆነውን ሞተር፣ ለሞተሩም የሚሆነውን መንገድ መምረጥ አያቅተውም።